የሰላሁዲን ቁጥር

ጭድ ተራ ውስጥ ጭድ የሚሸጥ ሰው ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው። ስሙ ግን አለ። መርካቶ እንዲህ ናት፤ ሰውም ዕቃም ይሄዳል፣ ስም ብቻውን ቀርቶ ቦታ ይጠብቃል።

ጠይባ ለዚህ ተራ እንግዳ አይደለችም። ከወራቤ ወዲያ ካለ መንደር ተድራ የመጣችው ገና ልጅ እግር ሳለች ነው። ባሏ ሰላሁዲን አሮጌ ጆንያ ነጋዴ ነበር። እሱ ከዳቦ ቤቱና ከሻይ ቤቱ የስኳርና የዱቄት ጆንያ እየለቀመ ይገዛል፤ እሷ ታራግፋለች፣ ትመርጣለች፣ የተቀደደውን በሲባጎ ትጥፋለች፤ እሱ መልሶ ለክፍለ ሀገር እህል ነጋዴ ይሸጣል። ሥራው ይኸው ነው። ሲናገሩት አጭር ነው፣ ሲሠሩት ግን ዕድሜ ይጨርሳል። ብናኙ ደረቷ ውስጥ ገብቶ ክረምት በመጣ ቁጥር ያስላታል። ሰው «ጠይባን ሽበት ቶሎ ወረራት» ሲል ሰላሁዲን «ሽበት አይደለም፣ የፉርኖ ዱቄት ነው» እያለ ይቀልድባት ነበር። እሷም አብራ ትስቅ ነበር፤ ያኔ የምትስቅበት ነገር ነበራት።

ሰላሁዲን ሞባይል የያዘው ስልክ ብርቅ በነበረ ጊዜ ነው። ተሰልፎ፣ ተጋፍቶ፣ ሰው በሰው ብሎ ያገኘው ቁጥር በዜሮ ዘጠኝ አንድ አንድ የሚጀምር ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለዛሬ ልጆች አይገባቸው ይሆናል፣ ለመርካቶ ግን ይገባታል። አዲስ ቁጥር ይዞ የመጣን ነጋዴ መርካቶ ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች፤ አሮጌ ቁጥር ያለውን «ተቀመጥ» ትለዋለች። ሰላሁዲን ቁጥሩን በሱቁ የቆርቆሮ በር ላይ በሰማያዊ ቀለም በትልቁ አስጻፈው። ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከቡታጅራ የሚደውሉ ነጋዴዎች መልኩን ሳያውቁት በዚያ ቁጥር ብቻ ያምኑት ነበር።

አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፣ ሪሃና። መርካቶ ውስጥ ልጅ በግፊያ መሃል አንዴ እጅ ከለቀቀ የት እንደገባ አይታወቅም። ስለዚህ ሪሃና ሀ ሁ ሳትቆጥር በፊት ያባቷን ስልክ በቃሏ ቆጠረች። እናቷ «ከጠፋሽ ትልቅ ሴት ፈልጊና ይህን ንገሪያት» እያለች በየቀኑ ታስደግማት ነበር። ልጅቱ በሩ ሥር ቆማ ቁጥሩን ስታነበንበው የጎረቤት ነጋዴ ሁሉ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ርካሹ የፕላስቲክ ጆንያ መጣና የተጣፈ የሚፈልግ ሰው አነሰ። ሪሃና ትምህርቷን ጨርሳ ብትቀመጥ ሥራ ጠፋ። «ሪያድ እሄዳለሁ» አለች። ሰላሁዲን ሳምንት ሙሉ አኮረፈ፤ ኩርፊያ ግን እንጀራ አይሆንምና በመጨረሻ መርቆ ሸኛት። ገና ከመድረሷ የቤቱ እመቤት ስልኳን ወሰደችባት። ከዚያ በኋላ የምትደውለው በሰው ስልክ ነው፤ ጁምዓ ቤተሰቡ ወደ አያት ቤት ይዟት ሲሄድ፣ አንድ ቀን ከሾፌሩ፣ አንድ ቀን ከአሮጊቷ ስልክ፣ ተደብቃ። «መልሳችሁ እንዳትደውሉ፣ ቁጥሩንም አጥፉት፣ ከታወቀብኝ ጉድ ይፈላል» ብላለች። አድራሻዋን ከላካት ኤጀንሲ እንዳይጠይቁ ደግሞ ቢሮው ተዘግቶ ፀጉር ቤት ሆኗል። በእናትና በልጅ መሃል የቀረው መገናኛ አንድ ብቻ ነው፤ በሪሃና ጭንቅላት ውስጥ ያለው ያ ቁጥር። የሌላው ሰው ቁጥር ሁሉ ከተወሰደባት ስልክ ጋር ሄዷል።

ጁምዓ ከሰዓት ጠይባ ጆንያ አትነካም ነበር። እጇን ታጥባ ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች። ሲጮህ መጀመሪያ የሚያነሳው ሰላሁዲን ነው። ድምፁን በጉልበቱ ባሕር የሚያሻግረው ይመስል «በላሽ? ጠገብሽ?» እያለ ይጮሃል፣ ከዚያ ለጠይባ ይሰጣትና አይኑን ሊጠርግ ወደ ደጅ ይወጣል። ጠይባ ብዙ አታወራም፣ ትሰማለች። የልጇን አተነፋፈስ ሰምታ ታማ እንደሆነ፣ ተመትታ እንደሆነ ታውቅ ነበር። እስከሚቀጥለው ጁምዓ የምትኖረው በዚያች ትንፋሽ ነው።

ሰላሁዲን አልጋ ላይ ሳይውል ሞተ። ጠዋት ሱቅ ከፍቶ ከሰዓት በኋላ ተቀበረ፣ አላህ ይዘንለት። ጭድ ተራ ሱቁን ሁሉ ዘግቶ ወጥቶ ቀበረው። ቀባሪ አላጣም፤ ያስቸገረው ለልጁ መርዶውን መንገሩ ነው።

ለቅሶው ሳይበርድ ዘመድ ስለዚህ ጉዳይ ተሰበሰበ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ሀምዳን የገመድ ነጋዴ ነው፤ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ እሱ ከተናገረ በኋላ የሚናገር የለም። እኛ ዘንድ መርዶ ወግ አለው። ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ በር አንኳኩቶ፣ ሁለት ሦስት ሴቶች ከጎኗ ተቀምጠው፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሲኖር ነው የሚነገረው። በባዕድ ቤት ከማድ ቤት ኋላ ለምትተኛ ልጅ «አባትሽ ሞቷል» ብሎ ስልክ መዝጋት ነውር ብቻ አይደለም፣ ነፍስ ማጥፋት ነው ይባላል።

«እኔ ላውራት» አለች ጠይባ። «ደህና ነው፣ ሱቅ ነው ያለው ልበላት።»

«በዚህ ድምፅሽ?» አለ ሀምዳን። እውነቱን ነው፣ ድምፅዋ በልቅሶ ተቀድዶ ነበር። «ገና ሃሎ ስትዪ ታውቃለች። ራሷን ከፎቅ ብትወረውር ማን ይይዝልሻል? ስልኩ ይዘጋ። ሪያድ የኛን ሰው እንፈልጋለን፤ ከነሚስቱ ቤቷ ድረስ ሄዶ በወጉ ያርዳታል። እስከዚያ አንድ ሁለት ጁምዓ ብታጣን ኔትወርክ ነው ትላለች።»

ተሰብሳቢው ሁሉ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ጠይባም ነቀነቀች። መደበቅ አያስፈልግም፤ ማንም አላስገደዳትም። ልጇን ከክፉ ወሬ የምታድን መስሏት ስልኩን በገዛ እጇ አጠፋችው፣ በሰላሁዲን ሽርጥ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ዒዳ ተቀመጠች። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም፣ አታጌጥም። ሱቁን ሀምዳን ያዘው፤ በሩ ላይ የነበረውን ቁጥር አስፍቆ የራሱን አስጻፈ። የሪያድ ሰው ፍለጋም ተጀመረ፤ ተጀመረና ተኛ። አንዱ ያለው ደማም የሚባል ሌላ ከተማ ሆኖ ተገኘ፣ አንዱ ጅዳ፣ አንዱ እዚያው ተይዞ ወደ አገር ተመልሷል። ሪያድ ያለ ሰው ቢገኝስ ያለ አድራሻ ምን ያደርጋል? አድራሻዋን የምታውቀው ሪሃና ብቻ ናት፣ ሪሃና የምትደውለው ደግሞ በዘጉት ስልክ ነው። ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ ይህን ያሰበ አንድ አልነበረም። ጠይባ አስባው ነበር። ልትናገር ስትጀምር «ዒዳሽን ጨርሺ፣ ኢንሻአላህ ሁሉም ይደርሳል» ይሏታል። ኢንሻአላህን ለስንፍናቸው መሸፈኛ ሲያደርጉት አላህን እንኳ አያፍሩም።

በየጁምዓው ከሰዓት ሳጥኑን ትከፍታለች። ጥቅሉን አውጥታ ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች፣ ቆይታ መልሳ ትከተዋለች። ልጄ አሁን እየደወለች ነው ትላለች በሆዷ። እየደወለችም ነበር።

ዒዳዋ ያለቀ ዕለት ማንንም ሳታማክር ስልኩን ቻርጅ አድርጋ ከፈተችው። መብራቱ በራ፣ ኔትወርክ ግን የለም። በጎረቤቷ በጀሚላ ስልክ ቁጥሩን ደወለች። አንዲት ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት «የደወሉት ቁጥር አገልግሎት ላይ አይገኝም» አለቻት። ጠይባ «እህቴ፣ የኔ እኮ ነው፣ ክፈቺልኝ» ብላ ለመነቻት። ማሽን መሆኑን ጀሚላ እስክትነግራት ድረስ ልመናውን አላቆመችም።

በነጋታው ወደ ስልክ ድርጅቱ ቅርንጫፍ ሄደች። መስታወት በመስታወት የሆነ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ አንዲት እናት ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትስቅ የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ «ማንም ከማንም አይርቅም» ይላል። ጠይባ ማንበብ አትችልም፤ ሴትዮዋን ግን አየቻትና ልጇ ደውላላት ይሆናል ብላ ቀናችባት። ወረፋዋን ጠብቃ የደረሳት መስኮት ኤልሳቤት የምትባል ወጣት ሠራተኛ ያለችበት ነበር። ኤልሳቤት ክፉ ልጅ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ጠይባ ሰድባት ይወጣላት ነበር።

«ቁጥሩ በማን ስም ነው፣ እናቴ?»

«በሰላሁዲን። ባሌ ነው።»

«እሳቸው መታወቂያ ይዘው በአካል ይምጡ።»

«ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር። እንግዲያውስ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ የእርስዎ መታወቂያ ያስፈልጋል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ሳይሠራ ስለቆየ ነው የተዘጋው። ወረቀቱን ካመጡ በስምዎ እናዞረዋለን።»

«ልጄ የምትደውልበት ነው። ሌላ ቁጥር አታውቅም። እስክመጣ ለሰው እንዳትሰጪብኝ።»

«መመሪያው አይፈቅድልኝም፣ እናቴ። እርስዎ ብቻ ቶሎ ያምጡ።»

ቶሎ! ሰላሁዲንን ለመቅበር ግማሽ ቀን በቅቶ ነበር፤ መሞቱን ለማስረዳት ግን ወራት ፈጀ። ወረዳ ስትሄድ «ሲስተም የለም» ይሏታል። መጀመሪያ ጊዜ ሲስተም የሚባል ሹም ያለ መስሏት «መቼ ይገባል?» ብላ ጠይቃ አስቃቸዋለች። ሳቁባት እንጂ አልተሳሳተችም፤ ሹም ቢሆን ኖሮ ከዚህ የባሰ አይጠፋም ነበር። ሲስተሙ ሲመጣ ፈራሚው ስብሰባ ነው፣ ፈራሚው ሲመጣ ማኅተሙን የያዘችው ልቅሶ ሄዳለች። ለወራሽነቱ ምስክር አምጪ ተባለች። ምስክሮቹ ነጋዴዎች ናቸው፤ የገበያ ቀን አይመቻቸውም፣ መርካቶ ደግሞ ገበያ ያልሆነ ቀን የላትም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ጭድ ተራ ነቅሎ ወጥቶ የቀበረውን ሰው ሞቷል ብሎ የሚመሰክር ጠፋ።

ሀምዳን በመጨረሻ ሱቁን ለግማሽ ቀን ዘግቶ መሰከረላት። ስለዚያች ግማሽ ቀን ለሰው ሁሉ ሲያወራ ከረመ።

ወረቀቱን አሟልታ ስትመለስ ኤልሳቤት አወቀቻት፣ ደስም አላት። «ጎበዝ፣ እናቴ!» ብላ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ መታች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ለሌላ ደንበኛ ተሰጥቷል።»

«መቼ?»

«በቅርቡ። አሮጌ ቁጥር ስለሆነ ፈላጊው ብዙ ነው።»

«እኔ መጀመሪያ የመጣሁ ለትስ?»

ኤልሳቤት ቀና ብላ አላየቻትም። «ያኔ አልተሸጠም ነበር። ግን ወራሽ መሆንዎ ሳይረጋገጥ ማስያዝ አልችልም፣ በማርያም አልችልም ነበር።»

«ለማን ሰጣችሁት?»

«የደንበኛ ሚስጥር ነው፣ እናቴ።»

ሚስጥር! ጠይባ ወረቀቷን አጣጥፋ ከመስታወቱ ቤት ወጣች። ደጁ ላይ ቆማ ጀሚላ የገዛችላትን ትንሽ ስልክ አወጣችና ያንኑ ቁጥር ደወለች። ሚስጥሩን ለማወቅ የሚያስፈልገው ይኸው ብቻ ነበር። አንድ ወንድ «አቤት» አለ።

ይሄይስ ይባላል። ነገሯን በስልክ ሰምቶ ሳያቅማማ ልምጣ አለና ሲኒማ ራስ ታክሲ መያዣው አጠገብ ጭማቂ ቤት ተገናኙ። ወጣት ነው፣ የሴራሚክ ንግድ ከጀመረ ዓመት አልሞላውም። ቁጥሩን ለምን እንደገዛው ሳትጠይቀው ነገራት።

«አዲስ ቁጥር ይዘህ መርካቶ ማን ያምንሃል፣ እማማ? ለደንበኛ ሁሉ ያባቴ ነው፣ ከድሮ ጀምሮ እዚህ ነን እያልኩ ነበር» አለና አፈረ። «ታዲያ ሰው አላስቀምጥ አለኝ። ጆንያ ነጋዴ በሙሉ ይደውላል፣ ሰላሁዲንን ይላሉ። በኋላ አንዱ የሻሸመኔ ሰውዬ ‹ሞተዋል እኮ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለደወለ ሁሉ እሱኑ እናገራለሁ፣ እንዲተዉኝ ብዬ።»

«ሴት ልጅ ደውላልህ ታውቃለች?» አለች ጠይባ።

ይሄይስ የጭማቂውን ብርጭቆ ከፊቱ ገፋ አደረገው።

«አንዲት ልጅ ደውላ ነበር። ያለፈው ሳምንት... አይ፣ የፊተኛው ጁምዓ ነው። ገና ሳነሳው ‹አባባ! የት ጠፍታችሁ ነው?› አለች። ስቃ ነበር፣ ደስ ብሏት። እኔ ዕቃ እያራገፍኩ ነበር፣ ወዛደሮቹ ይጮሁብኛል። የዚህ ስልክ ባለቤት ሞተዋል እህቴ፣ ቁጥሩ ተሸጧል አልኳት። እንደ ሌሎቹ መስላኝ።»

«አለቀሰች?»

«አይ። ‹እናቴስ?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«እማማ፣ እኔ ምን አውቄ... ቸኩዬ ነበር...»

«ምን አልካት፣ ልጄ?»

«‹ቤቱ ውስጥ ሰው ቢተርፍ ቁጥሩ ይሸጥ ነበር እንዴ?› አልኳት። ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። የደወለችበት ቁጥርም በደዋይ ብዛት ተገፍቶ ከስልኬ ጠፍቷል።»

ጠይባ አልጮኸችም። አስተናጋጁ ውሃ አምጥቶ አስቀመጠላት፣ አልነካችውም። ያለቀሰው ይሄይስ ነው። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ስልኩን ከፍቶ ሲሙን በጥፍሩ ፈልቅቆ መዳፏ ላይ አኖረላት። ድርጅቱ በስንት ማኅተም ያልሆነለትን ነገር አንድ ያፈረ ልጅ በጥፍሩ አደረገው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለ፤ ቁጥሩ ተመለሰ፣ የሚደውልበት ሰው ግን ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ ስልኩ ከእጇ አይለይም። ለሶላት ስትቆም እንኳ ከፊቷ ታስቀምጠዋለች። የጀሚላ ልጆች የሪሃናን ፎቶ በፌስቡክም በቲክቶክም ለቀቁላት። ብዙ ሺህ ሰው አየው፣ «አላህ ያገናኛችሁ» እያለ ጽፎ አለፈ። ስልኳን የተቀማች ልጅ ከፌስቡክ ማን ያገናኛታል? ጁምዓ መጣ፣ ሄደ። ሌላም ጁምዓ መጣ። መርካቶ ውስጥ ስልክ ያልያዘ እጅ የለም፤ ተሸካሚው ከነሸክሙ ያወራል፣ ለማኙ ብሩ በስልክ ይላክልኝ ይላል። ያ ሁሉ ሰው ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር ሲያወራ ይውላል። ጠይባ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ትሰማቸዋለች፣ ትጠላቸዋለችም።

አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ሀምዳን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ነገሩን ሰምተው ኖሮ ሊያጽናኗት ነው። ዱዓ ተደረገ። ከዚያ ሀምዳን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ጠይባ፣ የአላህ ውሳኔ ነው። ስትሰማ እንዳትጎዳብን ብለን ነበር፣ አሁን አንዴ ሰምታለች። መርዶው ከትከሻችን ወርዷል። ከእንግዲህ ስልኩ ክፍት ቢሆንም ችግር የለውም።»

ጠይባ በባሏ ታላቅ ወንድም ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። አሁንም ከፍ አላደረገችም።

«መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው ነበር፣ ጋሼ ሀምዳን። ሰው ተሰብስቦ፣ በወጉ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ብያለሁ። ለሷው ብዬ ነው።»

«የሰማችው ያባቷን ብቻ አይደለም። የኔንም ነው። ልጄ እኔንም ቀብራኛለች፣ ብቻዋን፣ በሰው ማድ ቤት ኋላ።» ሦስቱንም አንድ በአንድ አየቻቸው። «እናንተ የሞተ ሰው መርዶ ስትናገሩ ኖራችኋል። ያለች እናት መኖሯን የሚያረዳ ሽማግሌስ ከመሃላችሁ ማነው?»

አንደኛው ሽማግሌ መቁጠሪያውን ማንከባለል ጀመረ። ያኔ ጭኗ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። ጠይባ ማን መሆኑን ሳትጠይቅ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «አለሁ! አለሁ፣ ልጄ፣ እኔ አለሁ!» አለች።

አንድ ሰውዬ ከወዲያ በኩል ሴራሚክ ዛሬ ስንት እንደገባ ጠየቃት።